ስባሪ ማር የማትገዛው ሴት

እታለማሁ ማር የምትገዛው ቆማ ነው። ሻጩ የባልዲውን ክዳን ይከፍታል፤ እሷ ጎንበስ ብላ ታያለች። አትቀምስም። ቅምሻ የሚያስፈልገው ማሩ ሲያጠራጥር ነው ባይ ናት። ማሩ ከነእንጀራው፣ ንቦቹ በነጭ ሰም እንዳሸጉት ከመጣ ምን ያጠራጥራል? ንብ ያሸገችውን ከፍቶ፣ ስኳር ጨምሮ፣ መልሶ የሚያሽግ ነጋዴ ገና አልተወለደም። እንጀራው ተሰብሮ፣ ማሩ ፈስሶ፣ ከእጭና ከከሰል ትቢያ ጋር ተለውሶ የመጣ እንደሆነ ግን ክዳኑን በጣቷ መልሳ ትገፋዋለች።

«ስባሪ አልገዛም» ትላለች።

በኬንያዋ ሞያሌ ይህን ቃሏን የማያውቅ ማር ቆራጭ አልነበረም። የገበያው ልጆች ሳይቀሩ የሚጠሯት «ማማ አሳሊ» እያሉ ነው፤ አሳሊ በስዋሂሊ ማር ነው። ሱቋ ከገበያው ጀርባ ያለች ሁለት ክፍል የቆርቆሮ ቤት ናት። በአንዱ ክፍል ትተኛለች፤ በሌላው ማሩና ሰሙ ይቀመጣል። ግድግዳዋን የምትጋራት ካልቶማ የምትባል ጨርቅ ነጋዴ ናት፤ ሁለቱ ሴቶች በቆርቆሮው ውስጥ እየተጣሩ ያወራሉ።

እታለማሁ የተወለደችው ጎጃም፣ ዳሞት ውስጥ ነው። አባቷ ጓሮ ውስጥ አሥራ ሁለት ቀፎ ነበራቸው። ቀፎው በክዳኑ በኩል ተከፍቶ፣ እንጀራው በቢላ እየተላቀቀ፣ አንድ በአንድ ሳይሰበር ሲወጣ እያየች አደገች። ማር ከሌላ ቦታ በሌላ መንገድ ሊወጣ እንደሚችል አስባ አታውቅም። ወታደር አግብታ ደቡብ ወረደች። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ባሏ ዘርአብሩክ ከጓዶቹ ጋር ድንበሩን ተሻገረ፤ እሷም ተከተለችው። ዘርአብሩክ የኬንያውን ጎን ሰባት ዓመት ኖረበትና በወባ ሞተ። ወደ አገሯ እንድትመለስ ዘመዶቿ ቢልኩባትም፣ «ማን ይቀበለኛል?» ብላ ቀረች። በዚያን ጊዜ ዛሬ የምትሠራውን ሥራ ጀምራ ነበር፤ ከቦረና ማር ቆራጮች ማር እየገዛች ከድንበሩ ማዶ ላሉ ጠጅ ቤቶች ትሸጥ ነበር።

ሥራውን በጀመረች በጥቂት ዓመት አንድ የማታውቀው ሰው ሦስት ጀሪካን ፈሳሽ ማር አመጣላት። ቀመሰችው፤ ጣፋጭ ነው። ገዛችው። ከሁለት ሳምንት በኋላ የጠጅ ቤቱ ባለቤት የቀረውን ጀሪካን በጋሪ ጭኖ መጣና በገበያው ሰው ፊት ደጃፏ ላይ ደፋው። የተቀቀለ ስኳር ነበር። ዝንቡ ሳምንት ሙሉ ከደጇ አልጠፋም፤ ሰው በዚያ ሲያልፍ አፍንጫውን እየያዘ ይስቃል። ከዚያ ቀን ወዲህ ስባሪ ማር ቤቷ አልገባም። ሕጓ ስም አወጣላት። ከእሷ ቤት የወጣ ማር አይቀመስም፤ ይታያል እንጂ። ሰሙን ደግሞ ለጧፍ የሚፈልጉት የማዶ አብያተ ክርስቲያናት ይወስዱታል።

የናይሮቢው አስፋልት ሞያሌ ሲደርስ ሥራዋ ሰፋ። ሊና የምትባል የናይሮቢ ነጋዴ እንጀራው ሳይሰበር፣ የክንድ ያህል እየሆነ ከመጣላት ለሆቴሎች በብርጭቆ ሣጥን እንደምትሸጠው ነገረቻት። እታለማሁ ለትልልቁ እንጀራ የምትከፍለውን ጨመረች። ድሮ በወር ሁለት ሦስት ቆራጭ ይመጣ የነበረው አሁን በየሐሙሱ አምስትና ስድስት ሆነ። ማሩ ቆንጆ ነበር። ከየት እንደሚመጣ ታውቃለች፤ እንዴት እንደሚመጣ ጠይቃ አታውቅም።

የሚመጣው ከሶሎሎ ጀርባ ካሉት ኮረብታዎች በአንዱ አናት ላይ ካለ ደን ነው። ቦረናዎቹ ባዳ ጉራቻ፣ ጥቁሩ ደን፣ ይሉታል። ዙሪያው ቀይ አፈርና እሾህ ነው፤ እሱ ብቻ ማለዳ ማለዳ ጉም ለብሶ ይታያል። ዝናብ በሌለበት ወር እንኳ ጉሙ በቅጠሎቹ ላይ ውሃ ሆኖ ይንጠባጠባል፤ ከሥር ያሉት ጉድጓዶች የማይደርቁት በእሱ ነው። በመንግሥት የተከለለ ደን ስለሆነ ማር ቆራጭ የሚገባው ወረቀት ሲኖረው ብቻ ነው።

ከቆራጮቹ ሁሉ የቆየው ቦርቶ ነው። በፈረንጆቹ 2011 ድርቅ ከብቶቹ አልቀው አንዲት አህያ ቀረችው፤ ከዚያ ወዲህ የሚኖረው በማር ብቻ ነው። ስድሳ ዓመት አልፎታል። ቀጭን፣ ረጅም፣ ከሳቁ በፊት አንገቱን የሚያክክ ሰው ነው። በአማርኛው «አንቱ» የሚል ቃል የለም፤ ሁሉም ሰው ለእሱ «አንተ» ወይም «አንቺ» ነው።

በፈረንጆቹ 2018 ማለቂያ፣ አጭሩ ዝናብ ባለፈ ሰሞን፣ አንድ ሐሙስ ባዶ እጁን መጣ።

«ዛሬ ደግሞ አህያዋን ለማን ዳርካት?» አለችው ካልቶማ ከደጇ ላይ ሆና።

«አህያዋ አለች። ማር ነው የሌለ።»

እታለማሁ በርጩማ ሰጠችው። ቦርቶ ተቀመጠ፣ አንገቱን አከከ፤ ግን አልሳቀም።

«ካራታሲዬን ወሰዱ» አለ። ካራታሲ ወረቀት ነው። «ጄምስ ወሰደ። ሃያ ሦስት ዛፍ ወድቋል አለኝ። የወደቀው አንተ በምትሄድበት መንገድ ነው አለኝ። ማክሰኞ ባራዛ አለ። የእኔን ብቻ አይደለም፤ ደኑን ለማር ሰው ሁሉ ሊዘጉ ነው።»

ጄምስ የደን ጠባቂዎቹ ኃላፊ ነው፤ ከታች አገር፣ ከናኩሩ አካባቢ የመጣ ወጣት። ባራዛ ደግሞ የመንደሩ ሰውና ሹሞቹ የሚሰበሰቡበት ጉባኤ ነው።

«እና ምን ላድርግ?»

«ነይና ሽማግሌ ሁኚልኝ።»

ካልቶማ እጇን አጨበጨበች። «ጉድ ነው! እቱ ሽማግሌ ልትሆን! ጢም የለሽ፣ ዱላ የለሽ!»

«ሃያ ዓመት ማሬን ገዝታለች» አለ ቦርቶ። «ከጢም ይበልጣል።»

«ተው እንጂ! እንግዲያው እኔ ከሃያ ዓመት በኋላ የጨርቅ ሽማግሌ እሆናለኋ።»

እታለማሁ አልሳቀችም። ቦርቶ ወረቀቱን ካጣ ምን እንደሚበላ ታውቃለች፤ ምንም። ደኑ ለሁሉም ከተዘጋ ደግሞ የእሷም ክፍል ባዶ ይሆናል።

«ዛፍ የሚቆርጡት ከሰል አክሳዮች ናቸው» አለች። «አስፋልቱ ከመጣ ወዲህ የጭነት መኪናው ሁሉ ከሰል ጭኖ አይደል የሚወርደው? እመጣለሁ። ቦርቶ ማር ቆራጭ እንጂ ዛፍ ቆራጭ አይደለም ብዬ እናገራለሁ።»

ቦርቶ መሬት መሬቱን አየ። «ነይ ብቻ» አለ።

ሰኞ ጧት ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ እስከ ሶሎሎ መገንጠያ፣ ከዚያ በሞተር ሄደች። ጄምስ ቢሮው ደጃፍ ላይ ጠበቃት። ሰላምታውን ሲያበቃ የመጣችበትን ጠየቃት፤ በስዋሂሊ ነገረችው።

«ጥሩ» አለ። «ሰዎች ስምሽን ያከብራሉ፤ እኔም ሰምቻለሁ። አንቺ ይህ ሰው ዛፍ አይጥልም ብለሽ ነገ ከመሰከርሽ ወረቀቱን እመልስለታለሁ። ግን ማማ፣ መጀመሪያ የምትመሰክሪበትን ነገር እዪ።»

ሃያ ዓመት ሙሉ በደኑ ማር ስትኖር ደኑን ረግጣው አታውቅም። ቦርቶ መንገድ እየመራ፣ ሽቅብ ሁለት ሰዓት ወሰደባቸው። እሾሁ አለቀና በድንገት ቀዘቀዘ፤ ነጠላዋን አጥብቃ ተጠቀለለች። ወይራዎቹና ጥዶቹ ቅርንጫፋቸው ላይ ረጅም የዛፍ ሽበት አንጠልጥለዋል፤ ሽበቱ ጫፍ ላይ ጠብታ አለ። መሬቱ ኮቴዋን አያሰማም። ጄምስ የአጋዘን ዱካ አሳያት፤ ትንሽ ቆይቶም የነብር ጭረት ያለበት ግንድ። ዝሆን ከሁለት ዓመት ወዲህ አልመጣም አላት፤ ይመጡ የነበሩበትን መተላለፊያ ከሰል የሚጭኑ መኪኖች ይዘውታል።

ቦርቶ ከፊት ነበር። አንድ ገላጣ ቦታ ሲደርስ፣ ሳያስበው ይመስላል፣ ሁለት መዳፎቹን ገጥሞ በአውራ ጣቶቹ መካከል ነፋ። ረጅም ፉጨት ወጣ። ጥቂት ቆይቶ ቡናማ ቀለም ያላት፣ ከድንቢጥ ጥቂት የምትበልጥ ወፍ መጥታ ከፊታቸው ቅርንጫፍ ላይ አረፈችና ትንጫጫ ጀመር።

«ማር አላት» አለ ቦርቶ። «ወፏ ጉድጓዱን ታውቃለች፣ መክፈት አትችልም። እኔ እከፍታለሁ፣ እሷ ሰሙን ትበላለች።»

ወፏ ትንሽ ትበራለች፣ ታርፋለች፣ ትጣራለች። ተከተሏት። ሦስት ጊዜ ካረፈች በኋላ አንድ የወደቀ ወይራ ላይ ወርዳ ቆመች።

ዛፉ ከወገብ በታች በመጥረቢያ ተመትቶ ነው የወደቀው። ስፋቱ ሁለት ሰው ተያይዞ የሚያቅፈው ነው። ሲወድቅ ሁለት ትንንሽ ዛፎች አብሮ ሰብሯል። ቅጠሉ ገና አልደረቀም። አጠገቡ ባለ ቁጥቋጦ ላይ ቤት ያጣ የንብ መንጋ እንደ ጥቁር ጆንያ ተንጠልጥሏል።

«ይህ ከሳምንት አይበልጥም» አለ ጄምስ። «ቦርቶ፣ ይህንስ አንተ አይደለህም። ያን ጊዜ ወረቀትህ በእኔ መሳቢያ ውስጥ ነበር፤ ጠባቂዎቼም ቤትህ ሲያዩህ ነበር።» ወደ እታለማሁ ዞረ። «እንቅልፍ የነሣኝ ነገር አለ፤ ልንገርሽ። ከሰል አክሳይ ቢሆን ግንዱን ይወስድ ነበር። ለቤት የሚሆን እንጨት የፈለገ ቢሆን ወይራውን ትቶ ያን ቀጥ ያለ ጥድ ይቆርጥ ነበር፤ ጥድ ምስጥ አይበላውም። ሁሉም የወደቁት ግን እንዲህ ያሉ፣ ውስጣቸው ባዶ የሆነ፣ ያረጁ ናቸው። ሰውየው ዛፍ ይጥላል፣ ዛፉን ትቶት ይሄዳል። ወይራ እንዲህ እስኪቦረቦር መቶ ሃምሳ ዓመት ይፈጃል። ንቡ፣ ጉጉቱ፣ ትልቅ መንቁር ያላቸው ወፎች የሚፈለፍሉት እዚህ ውስጥ ነው። ለምን?»

እታለማሁ ሱቋ ውስጥ እንደምታደርገው ጎንበስ ብላ አየች።

ግንዱ በሽብልቅ ለሁለት ተሰንጥቋል፤ እንደ ሣጥን ተከፍቷል። ከላይኛው ግማሽ ላይ የተላቀቁት እንጀራዎች ሥር ተሰልፎ ይታያል፤ አሥራ አንድ ነጭ መስመር። ቢላው ቀጥ ብሎ ነው ያለፈው። የተቸኮለበት፣ የተፈረፈረ ነገር የለም። ክንዷን ዘርግታ በመስመሩ አጠገብ አጋደመችው። ልክ የክንድ ያህል ነው።

ሐሙስ ዕለት፣ ቦርቶ ባዶ እጁን ከመምጣቱ ከአንድ ሰዓት በፊት፣ አንድ ወጣት አሥራ አንድ እንጀራ አምጥቶላት ነበር። «እንዲህ ነው ማር!» ብላ አመስግናው ነበር።

ጄምስ ለጠባቂዎቹ መዝገብ የሚሆን ፎቶ ሊያነሣ ወደ ጉቶው ሲሄድ እታለማሁ ግንዱ ላይ ተቀመጠች።

«ቦርቶ። ከዛፍ ማር የሚወጣው እንዴት ነው?»

«እጅ ይገባል።» የቀኝ እጅጌውን ሰብስቦ እስከ ትከሻው አሳያት፤ ቆዳው ጠባሳ ብቻ ነው። «ጭስ ትሰጪያለሽ። እጅ ይገባል፣ ጣት ያገኘውን ይሰብራል፣ ያወጣል። የማይደርስበትን ለንቡ ትተያለሽ። በዓመቱ ትመለሻለሽ፤ እነሱም አሉ፣ ማሩም አለ።»

«ሳይሰበር አይወጣም?»

ሁለት ጡጫውን አጋጥሞ የዛፉን ቀዳዳ ስፋት አሳያት። «በዚህ?»

«እኔ ያልተሰበረ ነው የምገዛው።»

«አዎ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም? ሃያ ዓመት ሙሉ!»

ቦርቶ የምር ገርሞት አያት። «ምን ብዬ? አንቺ ማማ አሳሊ ነሽ። ማር ታውቂያለሽ። ዛፉ እንደሚወድቅ እያወቅሽ ነው የምትጠይቂው ብለን ነው። ሀብታም ሰው የፈለገውን ይጠይቃል። መጀመሪያ ደርቆ የቆመውን ብቻ ጣልን። ደረቁ አለቀ።»

«ጣልን?»

የግንዱን ጠርዝ በጣቱ ዳሰሰ። ወፏ ግንዱ ውስጥ ገብታ የሰሙን ፍርፋሪ ትለቅም ነበር።

«አራቱ የእኔ ናቸው» አለ በመጨረሻ። «ስባሪ ይዤ ስመጣ ሁለት ጊዜ መለስሽኝ። በሦስተኛው መጥረቢያ ተበደርኩ።»

መለሰችው ወይ? አላስታወሰችም። ክዳን በጣቷ የገፋችበት ቀን ብዙ ነው።

ቁልቁል ወረዱ። መንደሩ ሲታይ ቦርቶ፣ «ነገ ምን ትያለሽ?» አላት።

«ምን እንድል ትፈልጋለህ?»

«ካራታሲዬን እፈልጋለሁ» አለ። ጥቂት እርምጃ ሄዶም፣ «ዛፍም እፈልጋለሁ» አለ።

ማክሰኞ ሰው በቢሮው ግቢ ተሰበሰበ። ሽማግሌዎቹ በወንበር፣ ቆራጮቹ መሬት ላይ፣ ሴቶቹ በአጥሩ ጥግ። ጄምስ የዛፎቹን ቁጥር አነበበ። አንድ ሽማግሌ ደኑ ይዘጋ አሉ፤ ሌላው ጥፋቱ የከሰል ነጋዴዎች እንጂ የእኛ ልጆች አይደለም አሉ፤ ብዙ ሰው በዚህኛው ተስማማ። ጄምስም፣ ማማ አሳሊ ስለ ቦርቶ ልትናገር ከሞያሌ ድረስ መጥታለች አለ።

ተነሣች። የምትናገረው ግማሹ በስዋሂሊ፣ ግማሹ በኦሮምኛ ነበር፤ ቃል ሲያጥራት አማርኛ ታስገባለች። ለመናገር የመጣችው አንድ ዐረፍተ ነገር ነበር፤ እሱን ተናግራ ብትቀመጥ ቦርቶ ወረቀቱን ኪሱ ውስጥ ይዞ ይወጣል።

«ከሰል አክሳዮች አይደሉም» አለች። «ዛፎቹን ያስጣልኳቸው እኔ ነኝ።»

ሰው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። ስለ ስኳሩ፣ ስለ ሕጓ፣ ግንዱ ውስጥ ስላየችው አሥራ አንድ መስመር ነገረቻቸው። በአገሯ ማር ከቀፎ ሳይሰበር እንደሚወጣ፣ እዚህም እንደዚያ መስሏት እንደነበር ተናገረች። አንዳንዶቹ አላመኗትም፤ ይህን የማያውቅ ማር ገዢ ይኖራል ብሎ ማን ያምናል? ከቆራጮቹ መካከል አብዱብ የሚባለው ወጣት ድምፁን ከፍ አደረገ፤ ሐሙስ ዕለት አሥራ አንዱን እንጀራ የሸጠላት እሱ ነው።

«ማማ፣ መጥረቢያውንም አንቺ ነሽ ያነሣሽው በይዋ! እኛ ተኝተን ነበር!»

ተሳቀ። እሷም ከሳቁ መጨረሻ ላይ ጠብቃ፣ «አላነሣሁም፤ ጥሩ አድርጎ ላነሣ ግን ጨምሬ ከፍያለሁ» አለች። «ከዛሬ ጀምሮ ስባሪ እገዛለሁ። ሙሉ እንጀራ ግን ቤቴ አይገባም። ጄምስ በፈለገው ቀን መጥቶ ይክፈተው።»

ያኔ ቦርቶ ከመሬት ተነሣ። ማንም አልጠየቀውም። «አራቱ የእኔ ናቸው» አለና ተቀመጠ።

ክርክሩ እስከ ቀትር ቆየ። ተወሰነ፦ ደኑ ለማር ሰው ሁሉ እስከ ረጅሙ ዝናብ ማለቂያ ይዘጋ። ከዚያ በኋላ ጄምስ የወደቀውን ዛፍ ይቁጠር፣ እታለማሁንም ሙሉ እንጀራ መጥቶላት እንደሆነ ይጠይቅ፤ ወረቀቱ ለማን እንደሚመለስ በዚያ ይወሰን። ቦርቶ አራት ዛፍ በራሱ አፍ አምኗልና ወረቀቱ አልተመለሰለትም።

ያ ግማሽ ዓመት ለሁለቱም ከባድ ነበር። ቦርቶ ቦሪ ወደሚባለው ቆላ ሄዶ የሰው ግመል ጠበቀ። እታለማሁ ለሊና ደውላ ሙሉ እንጀራ እንደማትልክ ነገረቻት።

«ስባሪ ደግሞ ምን አደርገዋለሁ?» አለች ሊና። «ሰው የሚገዛው በዓይኑ ነው እኮ እታለም።»

«አውቃለሁ። እኔም እንደዚያው ነበርኩ።»

ሊና ሌላ ሰው ፈለገች። ከኦዳና ከቦሪ ቆላ ትንሽ ትንሽ ስባሪ ማር ይመጣላት ጀመር። መቅመስ እንደገና መማር ነበረባት። ስኳር ከምላስ ጫፍ አያልፍም፤ የግራር አበባ ማር ጉሮሮ ላይ ይቆያል፤ ይህን ከቦሪ ቆራጮች ተማረች። ጠጅ ቤቶቹ ግን ፈሳሽ ማር ይዛ ስትሻገር አዩዋትና አጉረመረሙ። ከእነሱ አንዱ ጀሪካኑን እያሸተተ፣ «ማማ አሳሊም ወደ ስኳር ገባች?» አለ። ለስንት ሰው ይህንኑ ብላለች! ማንኪያ አውጥታ አቀመሰችው፤ ግማሹን ገዛ፣ ግማሹን ተሸክማ ተመለሰች።

በፈረንጆቹ 2019 ረጅሙ ዝናብ ዘገየ፤ አበባውም ዘገየ። በሐምሌ አንድ ጧት አብዱብ ባልዲ ይዞ መጣ። ክዳኑን ከፈተ። ዘጠኝ እንጀራ፣ ነጭ፣ የታሸገ፣ ጠርዙ እንኳ ያልተነካ። ካልቶማ ከጎን ብቅ አለችና «ወይኔ ማር!» አለች ሳታስበው።

እታለማሁ ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ክዳኑን በጣቷ ገፋችው።

«አልገዛም፣ አብዱብ።»

«ለሌላው አላሳየሁትም። ለአንቺ ነው ያመጣሁት።»

«አውቃለሁ። ደኑ እንደተዘጋ ነው። ስንት ዛፍ ነው?»

«የምን ዛፍ? ንቦቹ ሰጡኝ» ብሎ ሳቀ። «ድንበሩ ሁለት መቶ እርምጃ ነው፣ ማማ። ማዶ ዛፍ የሚቆጥር የለም።»

ባልዲውን አንሥቶ ሄደ። እስከ ኬላው ድረስ በዓይኗ ተከተለችው።

ጄምስ በሳምንቱ መጣ። ቦርቶን አስከትሏል። ቦርቶ ከስቷል፤ በርጩማው ላይ ተቀምጦ እጆቹን በጉልበቶቹ መካከል ያዘ። ጄምስ ክፍሏን አየ፣ ጀሪካኖቹን ከፈተ፣ ስባሪ ብቻ ነው። ከዚያ መዝገቡን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ጠየቃት።

«በዚህ ዝናብ ሙሉ እንጀራ ይዞ የመጣ ሰው አለ?»

ቦርቶ ቀና ብሎ አያት። እሱም ገባው፣ እሷም ገባት፤ «አለ» ካለች ደኑ እንደተዘጋ ሊቀጥል ይችላል። «የለም» ብትል ማንም አያጣራም፤ ማሩ ማዶ ተሻግሮ ጠጅ ሆኗል።

«አለ» አለች። «አንድ ሰው፣ ዘጠኝ እንጀራ። አልገዛሁትም። ተሻግሮ ሸጠው።»

«ማን?»

«አብዱብ። ሙሉ እንጀራ ያስለመድኩት እኔ ነኝ፤ እሱንም ጻፍ።»

ጄምስ ጻፈ። ከዚያ መዝገቡን ወደ ኋላ ገለበጠ።

«ሁለት ዛፍ ወድቋል» አለ። «ባለፈው ሃያ ሦስት ነበር። ሁለቱም ከአንድ ሰው እጅ ይመስለኛል።» ከመዝገቡ መካከል አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። «ቦርቶ፣ ፀሐይ መውጫ በኩል ያለው የደኑ ክፍል ይከፈትልሃል። መግቢያው በኩል ያለው ዝግ ነው። ለአንድ ወቅት። ከዚያ እናያለን።»

ቦርቶ ወረቀቱን ተቀበለ። አላነበበውም፤ ማንበብ አይችልም። «ብዙ የወደቀው በመውጫው በኩል ነው» አለ። «ንቡ ያለው በመግቢያው ነው።»

«ለዚህ ነው የዘጋሁት» አለ ጄምስ።

ቦርቶ አንገቱን አከከ። «ልክ ነው» አለ። ወረቀቱን በላስቲክ ጠቅልሎ በደረት ኪሱ ከተተ፤ ከዚያ ወደ እታለማሁ ዞረ። «የማመጣው ትንሽ ነው። ከሰልም ይኖረዋል፣ እጭም ይኖረዋል።»

«ትንሽም ቢሆን አምጣ።»

«ስኳር ነው እንዳትይኝ ብቻ!»

«እቀምሰዋለሁ» አለችው። ቦርቶ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ።

በዚያ ወቅት ቦርቶ ያመጣው ማር በጠቅላላ ሁለት ጀሪካን አልሞላም። ሁሉንም ገዛችው።